መልስ፦ ለፖስትግሬስ ግንኙነት «ሪኳየር» ይበቃል ወይ?

ወንድሜ፣ አይበቃም። የቅርንጫፎቹ ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ከዋናው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሰርቨር ጋር ይገናኛሉ፣ የኤስኤስኤል ሞዱንም (ግንኙነቱ እንዴት እንደሚመሰጠርና እንደሚጣራ የሚወስነውን ቅንብር) «ሪኳየር» አድርጌዋለሁ ብለሃል። ሪኳየር መስመሩን ይመሰጥራል እንጂ ወዲያ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ አያጣራም። ክላየንቱ (የቅርንጫፉ ኮምፒውተር) ጋ የሩት ሰርቲፊኬት ፋይል፣ ማለትም የሚታመነው ፈራሚ ሰርቲፊኬት፣ ከሌለ፣ መሃል ላይ የገባ ሰው የራሱን ሰርቲፊኬት ቢያቀርብ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ዳታ ሁሉ በሰውየው እጅ ነው። ሳትነካው ብትተወውማ ነባሪው «ፕሪፈር» ነው፤ እሱ ጭራሽ ሰርቨሩ ምስጠራ የለኝም ካለው ያለ ምስጠራ ይቀጥላል።

«ቬሪፋይ ፉል» አድርገው። የሰርቲፊኬቱን ፈራሚም የሰርቨሩን ስምም ያጣራል። ስለዚህ ክላየንቶቹ ሰርቨሩን በስም ይጥሩት፣ ያው ስም ሰርቲፊኬቱ ላይም ይኑር። ሰርቲፊኬት መግዛት የለብህም። ክላየንቶቹ ሁሉ ያንተው ስለሆኑ ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው መሣሪያ የራስህን ሲኤ (ሰርቲፊኬት ፈራሚ) አዘጋጅና የሲኤውን ሰርቲፊኬት ብቻ ለየቅርንጫፉ አድል። የሲኤውን ሚስጥራዊ ቁልፍ ግን በእናትህ ሰርቨሩ ላይ አትተወው!

ሌላው፣ ፒጂ ኤችቢኤ ፋይል (ማን ከየት መግባት እንደሚችል ሰርቨሩ ላይ የሚጻፍበት) ውስጥ ለቅርንጫፎቹ «ሆስት» የሚለውን መስመር «ሆስትኤስኤስኤል» አድርገው፣ አለዚያ ሰርቨሩ ያለ ምስጠራ የመጣውንም ያስገባል። የቲኤልኤስ (የኤስኤስኤል ተተኪ የሆነው የምስጠራ ፕሮቶኮል) ስሪቱን አትንካ፤ ከፖስትግሬስ 13 ጀምሮ ዝቅተኛው 1.2 ነው። አሮጌ ክላየንት እምቢ ካለህ እሱን አዘምነው እንጂ ወደ 1.0 አትውረድ፣ 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ተሽረዋል። የሰርቨሩን ቁልፍ ፋይል ፈቃድ 0600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) አድርገው። ሰርቲፊኬቱን ስታድስ ሪስታርት አያስፈልግም፣ ሪሎድ (ሰርቨሩን ሳያጠፉ ቅንብሩን እንደገና ማስነበብ) ይበቃል።