ኮለሙ አዲሱ ሳይት ላይ አለ፣ የቆየው ላይ ግን የለም

ወንድሜ፣ ያልከው ችግር የድሩፓል (የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር) ሞጁል፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። የሞጁሉ የዳታቤዝ ቴብሎች ምን ምን ኮለም (ዓምድ) እንዳላቸው በሚዘረዝረው «ሁክ ስኪማ» ፋንክሽን ላይ «ስታተስ» የሚል ኮለም ጨመርክ። አዲስ የተጫነ ሳይት ላይ ይሠራል፤ የቆየው ሳይት ግን እንዲህ የሚባል ኮለም የለም እያለ ኤረር ይሰጥሃል።

ድሩፓል ከሁክ ስኪማ ተነስቶ ቴብል የሚፈጥረው ሞጁሉ ሲጫን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ብትቀይረው ዳታቤዙ አይነካም። የቆየውን ሳይት የሚያስተካክለው «ሁክ አፕዴት» ነው፤ ኢንስቶል ፋይሉ ውስጥ ቁጥር ሰጥተህ የምትጽፈው ፋንክሽን፣ ለምሳሌ 10001። ድሩፓል እስከየትኛው ቁጥር እንደደረሰ ይመዘግባል፤ ከዚያ በላይ ያሉትን በተራ ያስኬዳል። አዲስ ሳይት ላይ ሲጫን ግን መዝገቡ በቀጥታ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ስለሚቀመጥ አፕዴቶቹ አይሠሩም። ስለዚህ ለውጡን ሁለቱም ጋ መጻፍ አለብህ።

አሁን አጥብቄ የምነግርህ፦ አፕዴቱ ውስጥ የኮለሙን ዝርዝር ከሁክ ስኪማ ጠርተህ አታምጣ። እዚያው ሙሉውን ጻፈው። ኮድ መድገም መስሎህ እንዳትተወው። ነገ በ10002 «ስታተስ»ን «ስቴት» ብለህ ብትቀይረው ስኪማህም አብሮ ይቀየራል። አንተ አፕዴቶቹን በየጊዜው ስላስኬድካቸው ምንም አይታይህም። ዘግይቶ ሁለቱን በአንዴ የሚያስኬድ ሳይት ላይ ግን 10001 ስኪማው ውስጥ «ስታተስ»ን ፈልጎ ያጣዋል። በዚሁ ምክንያት አንዴ ለሰው የለቀቅከውን አፕዴት አትነካካው። ቀድሞ ያስኬደው ሳይት ዳግም አያስኬደውም፤ ማረሚያው አዲስ ቁጥር ነው።

የቆዩ ይዘቶችን ጭነህ የምታስተካክል ከሆነ «ፖስት አፕዴት» በሚባለው ፋንክሽን ውስጥ አድርገው። እሱ የሚሠራው ቁጥር ያላቸው አፕዴቶች በሙሉ ካለቁ በኋላ ስለሆነ የቴብሎቹ ቅርጽ ያኔ የተስተካከለ ነው። ረድፉ ብዙ ከሆነ በሳንድቦክስ (አፕዴቱ የት እንደደረሰ በሚያዝበት ቫሪያብል) እየከፋፈልክ ሂድ፣ አለዚያ መሀል ላይ ጊዜው አልቆ ይቋረጣል።

ባክአፕ ሳትይዝ ግን እንዳትጀምር። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ቴብል ስትቀይር ለውጡ ወዲያው ይጸድቃል፤ ትራንዛክሽን (ለውጦችን አንድ ላይ ማጽደቂያ ወይም መሰረዣ) ከፍተህ ቢሆንም አይመለስልህም። ሌላው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ በዚህ በኩል ይሻላል። እኔ አንድ አፕዴት ውስጥ አንድ የቴብል ለውጥ ብቻ የማስገባው ለዚህ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ቢወድቅ የቱ ጋ እንደቆመ ወዲያው ይታወቃል።

አንተ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስኪማውን ከቀየርክ በኋላ፣ አፕዴቱን ሳትጽፍ በፊት ሞጁሉን የጫኑ ሳይቶች አሉ። እነሱ ኮለሙ አላቸው፤ መዝገባቸው ግን ገና 10001 አልደረሰም። አፕዴቱ እነሱም ላይ ይሄዳል፣ «ኮለሙ አለ» ብሎም ይወድቃል። ስለዚህ ከመጨመርህ በፊት «ፊልድ ኤግዚስትስ» በሚለው ፋንክሽን መኖሩን ፈትሽ። ከዚያ የቆየውን ሳይት ዳታቤዝ ኮፒ አድርገህ፣ አዲሱን ኮድ አስገብተህ፣ ኮፒው ላይ በድራሽ (ድሩፓልን ከኮማንድ ላይን በሚያዙበት መሣሪያ) አፕዴቱን አስኪደው። በአዲስ ሳይት ላይም እንዲሁ ሞክረው። ከወደቀ የኤረሩን ሙሉ ጽሑፍ ከኢንስቶል ፋይሉ ጋር ለጥፍልን፣ አየዋለሁ።