ከቀለሙም ከሸራውም በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ ፈልግ

ወንድሜ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። 7 ሜትር ገደማ የሆነች፣ 35 ዓመት የሞላት የፋይበርግላስ ሸራ ጀልባ ገዝቻለሁ፣ ራሴ ነኝ የማድሳት፣ ከቀለሙ ልጀምር ወይስ አዲስ ሸራ ልግዛ ነው ያልከው አይደል? ከሁለቱም አትጀምር። እኔ ከቀለሙ ጀምሬ ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን በልቶኛል፣ ጀልባዋ አብረቀረቀች፣ ያየ ሁሉ አደነቀ፣ ግን ውስጧን ለቄስ ነበር፤ በዓመቱ ምሰሶው አጠገብ ቆሜ ገመድ ስስብ ወለሉ እግሬ ስር ሸብረክ ሲል ነው የባነንኩት።

ፋይበርግላስ አይበሰብስም ይሉሃል፣ እውነት ነው። ግን ደኩ፣ ማለትም የምትረግጠው የላዩ ወለል፣ በአብዛኛው የድሮ ጀልባ ላይ ድፍን ፋይበርግላስ አይደለም፣ ሁለት ስስ ንጣፍ ሆኖ መሃሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይ ኮምፔንሳቶ ነው ያለው። ከዛ የአጥሩ ቋሚዎች፣ ገመድ ማሰሪያው፣ ምኑ ምኑ ሁሉ በቡሎን ተበስቶ ነው የታሰረው፣ ስሩ የተቀባው ማሸጊያ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ የዝናብ ውሃ በቡሎኑ ዙሪያ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፣ መውጫ ስለሌለው እዛው ተቀምጦ እንጨቱን ጭቃ ያደርገዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ከላይ ምንም አይታይህም እኮ።

ስለዚህ ዛሬውኑ የካቻቢቴ እጀታ (ፕላስቲኩን ወገን) ይዘህ ደኩን በየ5 ሳንቲሜትሩ አንኳኳ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የራሰው የታፈነ ነው፣ ትንሽ ካንኳኳህ ጆሮህ ራሱ ይለየዋል። የታፈነውን በእርሳስ ክበብ። የሚያፈሰውን ለማግኘት ደግሞ አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ አንተ በውሃ ጎማ ከታችኛው ቦታ ጀምረህ አንድ በአንድ ወደ ላይ እያጠጣህ ሂድ። ሁሉንም ባንዴ ካራስከው ምንም አታውቅም፣ ውሃው በአንዱ ገብቶ አንድ ሜትር ርቆ ነው የሚንጠባጠበው።

አሁን ዋናው ስራ። የሚያፈሰውን እቃ ፍታው፣ የድሮውን ማሸጊያ ጠራርገህ አውጣ፣ በተለይ ሲሊኮን ከሆነ ጨርሰህ ፋቀው ምክንያቱም የሲሊኮን ቅሪት ባለበት ሌላ ነገር አይይዝም። ቀዳዳውን ከቡሎኑ ሰፋ አድርገህ በትራፓኖ ብሳው፣ ጠርዙ ላይ ያለውን እንጨት ትንሽ ፈልፍለህ አውጣ፣ በደንብ ይድረቅ (እኔ ቸኩዬ ሁለት ጊዜ ነው የሰራሁት)፣ ከስር በፕላስተር ዝጋና ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ሲበጠበጥ የሚጠነክር ሙጫ) ለሱ በተሰራው ማወፈሪያ ዱቄት አወፍረህ ሙላው። ሲጠነክር መሃሉን በቡሎኑ ልክ እንደገና ብሳ። እንግዲህ ቡሎኑ የሚያልፈው በጠነከረው ኢፖክሲ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ወደፊት ቢያፈስ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። የቀዳዳውን አፍ ከላይ ትንሽ ሰርጎድ አድርገው፣ ቡቲል ቴፕ የሚባለውን ማስቲካ የመሰለ ነገር ቡሎኑ አንገት ላይ ጠምጥመህ እሰር። አንዴ አታጥብቀው፣ ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ፣ ቡቲል ቀስ ብሎ ነው የሚፈሰው። ስታጠብቅ ደግሞ ዳዶውን አዙር እንጂ ቡሎኑን አታዙር፣ ማሸጊያው ይቀደዳል። ጠንካራውን ፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ግን ለእንደዚህ አይነት እቃ እንዳትነካው፣ እኔ ገመድ ማሰሪያ በሱ ለጥፌ በኋላ ስነቅለው የፋይበርግላሱን ልጣጭ ይዞ ነው የወጣው።

ስለ ኢፖክሲ አንድ ነገር፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብለህ ማጠንከሪያውን አትጨምር፣ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ነው፣ ካዛባኸው እስከ ዘላለሙ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ብዙም ባንዴ አትበጥብጥ። አንድ ቀን በሙቀት ሙሉ ኩባያ በጥብጬ ስልክ ሳወራ ኩባያው ቀልጦ ማጨስ ጀመረ፣ እጄ ላይ። ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ሊወጣ ይችላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅህ በፊት በውሃና ስፖንጅ እጠበው። ጓንትና ማስክ አትርሳ።

የታፈነው ቦታ ሰፊ ከሆነ የላዩን ንጣፍ ቆርጦ አንስቶ የበሰበሰውን አውጥቶ አዲስ እንጨት መለጠፍ ነው፣ ይቻላል፣ ከባድ አይደለም አሰልቺ ነው። ንጣፉን መልሰህ ዳር ዳሩን ስትገጥም ግን የንጣፉን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ሸርተት አድርገህ ፋቅ፣ ማለትም 3 ሚሊ ከሆነ 36 ሚሊ፣ አለበለዚያ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ከደኩ እኩል የማይታለፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከውሃ መስመር በታች ያሉት ቫልቮች፣ ከፍተህ ዝጋቸው፣ ካልዞሩ ቀይራቸው፣ ፋቅ ስታደርጋቸው ሮዝ ቀለም ካሳዩ ብረቱ ውስጡ አልቋል። ቫልቩ ላይ የተሰካው የውሃ ጎማ ቦታ ካለው ሁለት ሁለት ማሰሪያ ይግባለት፣ ጎኑ ደግሞ ቢሰበር የምትወትፍበት በልኩ የተጠረበ የእንጨት ውታፍ ይንጠልጠል። ሁለተኛው ምሰሶውን ወጥረው የያዙት የስቴንለስ ሽቦዎች ናቸው፣ እጅህን ሳይሆን ጥጥ አስኪድባቸው፣ ጥጡን ከያዘው አንድ ክር ተበጥሷል ማለት ነው፣ ሽቦው ይቀየር። ከጀልባዋ ጋር የሚያያይዛቸው ጠፍጣፋ ብረት ደኩን በሚያልፍበት ቦታም አውጥተህ እየው፣ ስቴንለስ አይዝግም የሚባለው አየር ሲያገኝ ነው፣ እርጥበት ታፍኖበት ከቆየ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ሽቦዎቹ መቼ እንደተገጠሙ የማይታወቅ ከሆነ እኔ ብሆን ሁሉንም እቀይራለሁ፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካለፋቸው አላምናቸውም።

ሞተሩን የማርሽ ዘይቱን እይ፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ የውሃ ፓምፗ ውስጥ የሚሽከረከረውንም ጎማ ቀይር፣ ሌላውን በኋላ።

ሸራውን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ጨርቁ ሳይሆን ክሩ ነው፣ ፀሐይ ነው የምትጨርሰው። ስፌቱን በጥፍርህ ጫር አድርገው፣ ክሩ ከተበጠሰ ለፀሐይ የሚቋቋም ፖሊስተር ክር ገዝተህ በድሮው ቀዳዳ ላይ እንደገና ስፋው፣ አዲስ ሸራ ለመግዛት አትቸኩል። ቀለሙ የመጨረሻ ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባውን የስሩን የድሮ ቀለም ደግሞ በደረቁ እንዳትፈቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ያለበት መርዝ ነው፣ እያራስክ ፋቅ።

በል አንኳኳና እርሳስ ያረፈበትን ሁሉ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን፣ ክበቡ ምሰሶው ስር ከሆነ ግን እስክናየው ድረስ ምንም እንዳትቆርጥ፣ እዛ ክብደቱን የሚሸከም ነገር አለ።