ልብሰ ተክህኖ ከአሮን ነው ወይስ ከሮም?

ሰላም እህቴ። «የካህናት ልብስ ከአሮን የወረደ ነው ወይስ ከሮማውያን የተወሰደ?» ብለሽ ለጠየቅሽው የማውቀውን ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ ዘጌ በዲቁና አገልግያለሁ። አሁን ባሕር ዳር ልብሰ ተክህኖ እሰፋለሁ፤ 14 ዓመት ሆነኝ። በእኔ አስተያየት የልብሱ አሰፋፍ በሮም ዘመን ከነበረው ሰው ልብስ የመጣ ነው፤ ምሥጢሩ፣ ማለትም የሚሰጠው ትርጉም፣ ግን ከአሮን ጋር ይያያዛል።

በክርስትና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ዘመናት ካህን ለብቻው የተሰፋ ልብስ አልነበረውም። የክቱን፣ ንጹሑን ለብሶ ይቀድስ ነበር። በሮም ግዛት ሰው ከውስጥ ቱኒካ የሚባል ረጅም ቀሚስ ይለብሳል። ለመንገድና ለዝናብ ደግሞ ፔኑላ የተባለ፣ በአንገት የሚጠልቅ ካባ ይደርባል። የጎጃም እረኛ ገሳ ትዝ ይበልሽ፤ ሥራቸው አንድ ነው። ድልማጥያ ከሚባል የሮም ግዛት የመጣ ዳልማቲካ የሚባል ልብስም ነበር፤ እጀ ሰፊ ሆኖ ከትከሻው እስከ ታች ሁለት ሐምራዊ ጥለት ይወርድበታል። በኋላ ሰዉ አጭር ልብስና ሱሪ ለመደ። ቤተ ክርስቲያን የድሮውን ይዛ ቆየች። የማንም የነበረው ልብስ የካህን ልብስ የሆነው እንዲህ ነው።

ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እሁድ ጠዋት ቅዱስ ጊዮርጊስ በር ላይ ቁሚና ነጠላውን እዪ። ያው ገበያ የሚወጣበት ነጠላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ግን መስቀለኛ ይጣፋል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ይዘቀዘቃል። ጨርቁ አንድ፣ አለባበሱ ሌላ ነገር ይናገራል።

የካህን ልብስ ከሕዝቡ ልብስ መለየት ሲጀምር ሁሉም አልተስማማም። በ428 እ.ኤ.አ. የሮሙ ጳጳስ ቄለስቲኖስ ዛሬ ደቡብ ፈረንሳይ በሆነው አገር ለነበሩ ጳጳሳት ደብዳቤ ጽፏል። ከሕዝቡ የምንለየው በትምህርት እንጂ በልብስ አይደለም ነው ያላቸው። ልብስ ሰፊ ሆኜ እንኳ ይህን ደብዳቤ እወደዋለሁ። ቢሆንም ልብሱ ቀድሞ የማዕረግ ምልክት መሆን ጀምሯል። በ4ኛው መቶ ዘመን የሎዶቅያ ጉባኤ አንባቢና መዘምር ኦራርዮን እንዳያደርጉ ከልክሏል። ኦራርዮን ከዲያቆኑ ትከሻ የሚወርደው ረጅሙ ጨርቅ ነው፤ አመጣጡ የፊት መጥረጊያ ነበር።

ከምሥጢሩ ሁሉ ልቤን የሚነካኝ በ5ኛው መቶ ዘመን የኖረው ግብጻዊ መነኩሴ፣ የፔሉስዮኑ ኤስድሮስ፣ የጻፈው ነው። ጳጳሱ ትከሻው ላይ የሚያደርገው ልብስ ከተልባ እግር ሳይሆን ከበግ ጠጉር የሚሠራው ለምንድን ነው? ጠጉሩ እረኛው ፈልጎ አግኝቶ የተሸከመውን የጠፋውን በግ ስለሚያመለክት ነው ይላል። ምሥጢሩ ከጥልፉ ሳይሆን ከክሩ ይጀምራል ማለት ነው። ደንበኛ መጥቶ «የሚያብረቀርቀውን አድርግበት» ሲለኝ ይሄን እነግረዋለሁ።

አሮንስ? ዘጸአት 28 ላይ ኤፉዱ (ሊቀ ካህናቱ ከላይ የሚደርበው ልብስ)፣ 12 ድንጋይ ያለበት የደረት ኪስ፣ በቀሚሱ ጫፍ የወርቅ ሻኩራ (ትንሽ ቃጭል) እና ሮማን አለ። ይህን ምዕራፍ በደንብ ያነበብኩት ተሳስቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ደብር የከፈይ ካባ ሰፋሁ። ጥልፉ ከበድ ያለ ነበር። ለጥምቀት ተለብሶ ወጣ፤ ታቦቱ ሳይመለስ አንገትጌው ከጀርባ በኩል ተተረተረ። በሕዝብ ፊት! ካህኑ አልተቆጡኝም። በማግስቱ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና «ዘጸአት 28ን ቁጥር 32 አንብብ» ብቻ አሉኝ። እንዳይቀደድ አንገትጌው ዙሪያውን እንደ ጥሩር (እንደ ጦር ልብስ) ይጠለፍ ይላል። ለካ የእኔ ሥራ እዚያ ተጽፎልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንገትጌ ላይ ገበሩን እጥፍ አድርጌ አስገባለሁ፣ ዙሪያውን በእጄ እዘመዝማለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ማሽን አላስጠጋም።

ጊዜ ካገኘሽ በጀልባ ዘጌ ተሻገሪ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለሴትም ክፍት ነው፣ ዕቃ ቤቱ ዘውድና የቆዩ አልባሳት አሉት። ሲያሳዩሽ ጥልፉን ብቻ አትዪ፤ አንገትጌው እንዴት እንደተዘመዘመም ልብ በዪ። ፎቶ ከፈቀዱልሽ እዚህ ለጥፊልን።