ዉፈሩን በሌላ ብቀይረውስ? ስለ ስፒከር ሳጥን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከቡድናችን አባላት የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የስፒከር ሳጥን ዲዛይን አለኝ፣ የተባለውን ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር) ግን አላገኘሁም። ሌላ ባስገባስ?» ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ቁጥሮች ይዛችሁ ኑ። ኤፍኤስ፣ ዉፈሩ ሳጥን ሳይገባ በራሱ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ኪውቲኤስ ርግብግቡ ምን ያህል ቶሎ እንደሚገታ ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቶሎ ይገታል። ቪኤኤስ ደግሞ ኮኑን (እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) የያዘው ጎማና ጨርቅ ምን ያህል ልስልስ እንደሆነ በሊትር አየር ይነግረናል።

ጥያቄ፦ ዲዛይኑ 6.5 ኢንች ይላል፣ የኔም 6.5 ኢንች ነው። ቀዳዳው ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ችግር አለው?

መልስ፦ ልክክ ማለቱ የሚነግርህ ብሎኑ እንደሚታሰር ብቻ ነው። በሒሳብ እንየው። የዲዛይኑ ዉፈር ኤፍኤስ 35 ሄርዝ፣ ኪውቲኤስ 0.38፣ ቪኤኤስ 30 ሊትር ነው እንበል። ሳጥኑ ድፍን ነው፣ አየር መውጫ የለውም፣ 12 ሊትር። ቪኤኤሱን ለሳጥኑ ሊትር አካፍል፣ 1 ደምር፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ። 1.87 ይመጣል። ኪውቲኤሱን በዚህ ስታባዛው 0.71 ይሆናል። ቤዙ ሳያብጥ ዝቅ የሚለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ኤፍኤሱንም አባዛው፣ 65 ሄርዝ ገደማ ታገኛለህ። ከዚያ በታች ድምፁ እየደከመ ይሄዳል።

አሁን ሌላው ሁሉ ያው ሆኖ ያንተ ዉፈር ኪውቲኤስ 0.55 ቢሆንስ? ውጤቱ 1.03 ነው። ከ1 ዴሲቤል በላይ እብጠት ታገኛለህ፣ አንዳንድ ኖታ ላይ ቤዙ ያጉረመርማል። ወደ 0.71 ልመልሰው ካልክ 45 ሊትር ገደማ ሳጥን ያስፈልግሃል። ቀዳዳው ያው፣ ሳጥኑ ግን አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ ሳጥን ፖርት (የአየር መውጫ ቱቦ) አለው። ያው ነው?

መልስ፦ ይብሳል። ድፍን ሳጥን ስህተትን ይችላል፣ ፖርት ያለው አይችልም። ፖርቱ የሚቃኝበትን ፍሪኩዌንሲ የሚወስኑት የሳጥኑ ሊትርና የፖርቱ ስፋትና ርዝመት ናቸው። ዉፈር ስትቀይር ቅኝቱ ባለበት ይቀራል፣ አዲሱ ዉፈር ግን ሌላ ቅኝት ሊፈልግ ይችላል። ከቅኝቱ በታች ደግሞ የሳጥኑ አየር ኮኑን አይዘውም። ኮኑ ዝም ብሎ ይወረወራል፣ ድምፁ ሲነሳ ኮይሉ (ከኮኑ ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅል) ከኋላ ይመታል።

ኪውቲኤሱ ከ0.5 ከበለጠ ፖርቱን ድፈነው። ከዚያ ሊትሩን እንደ ድፍን ሳጥን አስላ። ቁጥሩ ለፖርት የሚሆን ከሆነና ቅኝቱ ብቻ ከፍ ካለብህ፣ ቱቦውን ማርዘም ዝቅ ያደርገዋል። ርካሹ ጥገና ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በጣም ጥሩው ዉፈር የትኛው ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ሳጥን? ቁጥር ይዘህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ባለ 8 ኦሙን በ4 ኦም ብተካ ድምፁ ይጨምራል አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው ክሮስኦቨሩ ላይ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ፣ ቀጭኑን ለትንሹ ስፒከር ለትዊተሩ የሚከፍለው ሰርኪት ማለት ነው። ቀላሉን ዓይነት እንውሰድ። ለ8 ኦም 2500 ሄርዝ ላይ እንዲከፍል ዉፈሩ 0.51 ሚሊሄንሪ ኢንዳክተር፣ ትዊተሩ 8 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አላቸው። ሁለቱንም በ4 ኦም ቀይር። የዉፈሩ መክፈያ ወደ 1250 ሄርዝ ይወርዳል፣ የትዊተሩ ወደ 5000 ይወጣል። መሃሉ ላይ ጉድጓድ ቀረ። የሰው ድምፅ የሚጠራበት ቦታ እኮ ነው!

ኦሙ አንድ ቢሆንም አልጨረስክም። 8 ኦም የተባለ ዉፈር በሁሉም ፍሪኩዌንሲ 8 ኦም አይደለም፤ ሬዞናንሱ (በራሱ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) ላይ ይዘላል፣ ወደ ላይ ስትሄድም እየጨመረ ይመጣል። ክሮስኦቨር የሚሠራው ለዚያ ለአንዱ ዉፈር የኦም ከርቭ (ኦሙ በየፍሪኩዌንሲው እንዴት እንደሚለዋወጥ ለሚያሳየው መስመር) ነው። ስለዚህ ዉፈር ከቀየርክ ክሮስኦቨሩን እንደ አዲስ ታየዋለህ። የድሮውን ዝም ብለህ ለአዲሱ ዉፈር አታዙረው።

«ይጨምራል» ላሉህ፦ ዳታሺቱ (የዉፈሩ ቁጥሮች የተጻፉበት የፋብሪካው ወረቀት) በ2.83 ቮልት ከለካ፣ ያ ለ8 ኦም 1 ዋት፣ ለ4 ኦም 2 ዋት ነው። የጨመረው 3 ዴሲቤል የመጣው ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ነው። አምፑ 4 ኦም መሸከሙንም አረጋግጥ።

አንድ አባል፦ ዋናው ነገር ተረሳ። አዲስ ዉፈር መጀመሪያ ብዙ መጫወት አለበት፣ ካልሆነ አይፈታም።

ሌላ አባል፦ ተረት ነው። የሚፈታው ጆሮህ ነው።

አንደኛው፦ ለክቼዋለሁ! ኤፍኤሱ ወርዷል።

ሌላው፦ ታዲያ በጆሮህ ለየኸው?

መልስ፦ ኧረ በቃ። ጎማውና ጨርቁ ሲላላ ኤፍኤስ ይወርዳል፣ እውነት ነው። ግን ቪኤኤስም ይጨምራል፣ ኪውቲኤስም ይወርዳል። ሒሳቡ ውስጥ ስታስገቡት እርስ በርስ ይጣፋሉ፣ ሳጥኑ ያው ነው ማለት ይቻላል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ኤምዲኤፍ ይሻላል ፕላይውድ?

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናሉ። የዛሬው ርዕስ እንጨት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ስፒከር የነቀልኩት ዉፈር ነው፣ ዳታሺት የለውም። ልጣለው?

መልስ፦ አትጣለው፣ ለካው። ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት ሥራ ለዚህ ነው የጠቀመን፤ ዉፈርን በጥቂት ቁጥር መግለጽ ተቻለ። ሬዚስተር፣ የኮምፒውተር ሳውንድ ካርድና ነጻ የመለኪያ ፕሮግራም ይበቁሃል። ዉፈሩን አንጠልጥለህ የኦሙን ከርቭ አውጣ። ጫፉ ያለበት ኤፍኤስ ነው፣ ከጫፉ ቅርጽ ኪውቲኤስ ይወጣል። ከዚያ ሊትሩን በምታውቀው ድፍን ሳጥን ላይ አስረህ ድገመው። ጫፉ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ከሽሽቱ ቪኤኤስ ይሰላል። ሳጥኑ አየር እንዳያስወጣ ብቻ ተጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ የኔም 6.5 ኢንች ነው፣ ቀዳዳው ልክ ነው። ይሆናል አይደል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብብ፣ ወንድሜ። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር።

ጥያቄ፦ ትዊተሩን ብቻ ብቀይርስ?

መልስ፦ ዶም ትዊተር አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ዝግ ስለሆነ የሳጥኑ ሊትር አይመለከተውም። ኤፍኤሱን ግን እይ። ክሮስኦቨሩ ቢያንስ የእሱ እጥፍ ላይ ይሁን፣ ካልሆነ ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ትዊተሩም ሊቃጠል ይችላል። ከዉፈሩ በላይ ከጮኸ በሬዚስተር ታወርደዋለህ።

ጥያቄ፦ ኤፍኤስ 38፣ ኪውቲኤስ 0.40፣ ቪኤኤስ 26፣ 8 ኦም። ያንኑ ድፍን 12 ሊትር ሳጥን ልጠቀም ነው።

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው! 0.71 እና 68 ሄርዝ ይወጣል። ሳጥኑን አትንካው። የዉፈሩን የኦም ከርቭና የክሮስኦቨሩን ስዕል ላክልኝ፣ ኢንዳክተሩ ላይ ሥራ ሳይኖረን አይቀርም።