ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ተረከዜ ደህና ነው፣ ለምን አነክሳለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ57 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በስኳር በሽታ ምክንያት ቁስል አልድን ብሎኝ ከስድስት ወር በፊት የግራ እግሬ ጣቶች ከነሥራቸው ተቆረጡ። ቁስሉ ደርቋል። ግን ሐይቁ ዳር ትንሽ ስሄድ ይደክመኛል፣ አነክሳለሁ። ዳገትማ አይሞከርም። ጫማዬ ጫፍ ላይ ካልሲ ጠቅጥቄ ነው የምሄደው። ተረከዜ ተርፎ ሳለ ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ተረከዝ መሬት ይረግጣል እንጂ ወደፊት አይገፋም። ስንራመድ ተረከዛችን ይነሣና ክብደታችን ጣቶች ሥር ባሉት አጥንቶች ላይ ያርፋል። የባት ጡንቻ የሚገፋን ያንን ተደግፎ ነው። ድንጋይ በአጭር ብረት ለመፈንቀል ሞክረው ያውቃሉ? የእርስዎም ነገር እንደዚያ ነው፤ ባትዎ ጉልበት ቢኖረውም መፈንቀያው አጥሮበታል። ሥራው ወደ ዳሌ ይዞራል፣ የቀኝ እግርዎ እርምጃም ያጥራል። ድካሙ ከዚያ ነው። አንድ ትንሽ ጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያስቸግርም ነበር።

ካልሲውን ዛሬውኑ ያውጡት። ይጨማደዳል፣ ጠባሳውን ይፈገፍጋል። ስኳር ስሜት ስለሚያደነዝዝ መቁሰልዎን የሚያውቁት ደም ሲያዩ ነው። የሚያስፈልግዎት ሶሉ የማይታጠፍ፣ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ያለ ጫማ ነው፤ ውስጡም በእግርዎ ልክ የተሠራ ለስላሳ ንጣፍና ባዶውን የሚይዝ ሙሌት ይኑረው። ሰው ሠራሽ አካል የሚሠሩ ባለሙያዎች ለክተው ያዘጋጁልዎታል። ነጠላ ጫማ ግን ይቅር፤ ቤት ውስጥም በባዶ እግር አይሂዱ።

ያው ክብደት አሁን በትንሽ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ማታ ማታ ሁለቱንም እግር ይዩ፤ ውስጥ እግርዎ ካልታየዎት መስታወት መሬት ላይ ያድርጉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ቶሎ ላይታይ ይችላል፤ በእጅዎ ጀርባ ነክተው ሙቀቱን ያነጻጽሩ። ከሞቀ፣ ካበጠ ወይም ካዠ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ።

እንደ ድሮው እሄዳለሁ ወይ ካሉኝ፣ ፍጥነቱ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ አይመስለኝም። ርቀቱ ግን ይጨምራል። ጫማው ሲደርስ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሜዳ ሜዳውን ጥቂት ደቂቃ ይጀምሩ፤ ታቦር ተራራ ይቆይ። ፊዚዮቴራፒስቱ ከዘራ ካዘዘልዎት አይፈሩበት። የሚያዘው በቀኝ እጅ ነው፣ በተቆረጠው እግር ተቃራኒ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።