መስኮት ከመቀየርዎ በፊት ጣሪያውን ይመልከቱ

ለንደን የሚገኘው ቤትዎ በኃይል ቁጠባ ምስክር ወረቀቱ (የቤቱን የኃይል አጠቃቀም ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ደረጃ በሚሰጠው ሰነድ) ላይ ያገኘውን የ«ዲ» ደረጃ ወደ «ሲ» ለማሳደግ መስኮቶቹን መቀየር ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ብሆን አስቀድሜ መሰላል ይዤ ከኮርኒሱ በላይ እወጣ ነበር፤ እዚያ የተነጠፈው የሙቀት መከላከያ ሱፍ በአግዳሚ እንጨቶቹ መካከል ብቻ ተወስኖ የቀረ ስስ ንጣፍ ከሆነ፣ በእንግሊዝ ወደሚመከረው 270 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማድረስ ከመስኮት ቅያሬ እጅግ ባነሰ ወጪ የሚሠራ ሥራ ነው። ከኮርኒሱ በላይ የሚወጣበትን ቀዳዳ ክዳንም በሙቀት መከላከያ ያስሸፍኑ፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል። ግድግዳው ድርብ ሆኖ መሃሉ ባዶ ከሆነ ቀጥሎ ክፍተቱን በሙቀት መከላከያ ያስሞሉ። ለምስክር ወረቀቱ ቤቱን የሚመዝነው ባለሙያ በዓይኑ ያላየውንና ማስረጃ ያልቀረበለትን ሥራ ስለማይቆጥርልዎ ደረሰኝና ፎቶግራፍ ያስቀምጡ። ምስክር ወረቀቱ ለ10 ዓመት የሚያገለግል በመሆኑ፣ አዲስ ምዘና ካላስደረጉ የቀድሞው ደረጃ እንዳለ ይቆያል።