ላፕቶፕ ጥገና ለጀመራችሁ የድሬዳዋ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት የምትፈቱት ማሽን ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ እወቁ። ለዚህ ትምህርት ከቲንክፓድ የተሻለ ላፕቶፕ አላገኘሁም።

አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስሙን ያስጠራበትን ቲንክፓድ 700ሲ እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ አቀረበ። ምህንድስናው በጃፓኑ ያማቶ ላቦራቶሪ በአሪማሳ ናይቶ መሪነት ሲሠራ፣ ጥቁሩን ቅርጽ የነደፈው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር ነበር። በኪቦርዱ መካከል ያለችውም ቀይ ነጥብ የቴድ ሴልከር የምርምር ውጤት ናት፤ የተፈለገችውም የሚጽፍ ሰው እጁን ከፊደላቱ ሳያነሣ ጠቋሚውን እንዲያንቀሳቅስ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የ1995ቱ ቲንክፓድ 701 ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው 10.4 ኢንች ስክሪን ለሙሉ ኪቦርድ የሚበቃ ስፋት ስላልነበረው፣ የአይቢኤም መሐንዲሱ ጆን ካሪዲስ ኪቦርዱን ለሁለት ከፍሎ፣ ክዳኑ ሲነሣ ክፍሎቹ ተንሸራተው እንዲገጥሙና ከማሽኑ አካል አልፈው እንዲዘረጉ አደረገ። ሥራው ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጧል፤ ስክሪኖች ሲሰፉ ግን ችግሩ ራሱ ስለጠፋ መፍትሔው አልቀጠለም። የአንድን ክፍል ጥቅም የምትመዝኑት የተሠራበትን ምክንያት ስታውቁ ነው።

የቻይናው ኩባንያ ሌኖቮ የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ዘርፍ በ2005 ከተረከበ በኋላም፣ የየሞዴሉ የጥገና መመሪያ ለማንም በነጻ መቅረቡ አልቀረም። የትኛው ብሎን ከየት እንደሚወጣ፣ ምን ከምን በፊት እንደሚነቀል በሥዕል ያሳያል። እንደ እኛ ከፋብሪካው ርቆ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ትልቅ ውለታ ነውና ሳታነቡት ማሽን አትክፈቱ።

ቅጥነት ሲፈለግ ግን የሚጠገነው እየቀነሰ መጣ። በ2012 የወጣው ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ከዋናው ሰሌዳ፣ ጋር የተበየደ ነው። የ2018ቱ ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያና ከውጭ የሚነቀል ባትሪ ነበረው፤ በዓመቱ የተካው ቲ490 ግን አንዱን ራም በየደው፣ ባትሪውንም ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገባው። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ የሚያማክራችሁን ተማሪ፣ ከፍጥነቱ አስቀድማችሁ በኋላ ምን ሊጨመርለት እንደሚችል ንገሩት።

የከተማችን ሙቀትና አቧራ ደግሞ ለማንኛውም ሞዴል አይራራም። ፋኑ የተደፈነበትን ማሽን ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ብላችሁ ባለቤቱን አታስደንግጡ፤ በመጀመሪያ ፋኑን አጽዱ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀትን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ፣ ከዚያ ሙቀቱን ለክታችሁ ተናገሩ።